ለእንግዶች የተነበበው ውል

የጋብቻ ውል ሲረቀቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቂ ነበር። ከዚያ በፊት ፍርድ ቤት፣ ጉምሩክና ማዘጋጃ ቤት እየዞርኩ ዜና ስሰበስብ ብዙ ዓይነት ወረቀት አይቻለሁ። አንድ ጆንያ ስኳር ለመሸጥ ሦስት ምስክር የሚጠራ ሰው፣ ሚስት ሲያገባ ግን ወረቀት ማንበብን እንደ ስድብ እንደሚቆጥረው ያወቅሁት በዚያ ውል ነው።

ያኔ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ወሬ የምልክ የጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ። የምኖረው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ መጋላ ሰፈር፣ በአንዲት ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። ቤቱ ሦስት ክፍል ያለው፣ በድንጋይ የተሠራና ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ሴትየዋ ድንጋዩን በበጋ ከደረቀው ወንዝ ውስጥ በአህያ እያስጫነች፣ ክፍሎቹን በየተራ፣ በስንት ዓመት ነው ያቆመቻቸው። በአንዱ ትኖራለች፣ በአንዱ ከጅቡቲ የምታስመጣውን ጨርቅ ታከማቻለች፣ ሦስተኛው የእኔ ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እያቀያየረች ትሸጣለች፤ በሦስቱም ግን ማንበብ አትችልም። በድሬ አንቱታ ብዙ ቦታ ስለሌለው፣ በዕድሜ ብትበልጠኝም «እትዬ» እያልኩ አንቺ እላት ነበር።

በረንዳዋ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ አንድ የሐረር ሰው ነበር። መካ ሄዶ ሳይሆን አባቱ ሄደው ስለነበር ሰፈሩ «ሐጂ» ይለዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእሱ ጋር ስናወራ ሴትየዋ ከመጋዘኑ ወጣችና፣

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ከሐጂ ጋር የእኔ ምስክር ትሆናለህ» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ላገባ ነው።»

«እንኳን ደስ አለሽ። ማንን?»

«ባለ ቆቡን።»

ባለ ቆቡ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ቆቡን ሰው ቤት ገብቶም አያወልቅም። በድሬና በጅቡቲ መካከል እየተመላለሰ የመንገደኛውን ሁሉ ወረቀት ሲመረምር የሚውል ሰው ነበር። የእሷን የጨርቅ ጥቅሎች ሲያይ ግን ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ፍቅሩን የገለጸላት በዚህ መንገድ ነው፤ እኔ እስከማውቀው ሌላ መንገድ አልነበረውም።

«አንድ ነገር ግን ይጻፍልኝ» አለች። «ቤቴ የእኔ ነው። ከሞትኩ ለእህቴ ልጆች፣ ካልሞትኩ ለራሴ።»

«አቦ ይሄ ምን ያስቸግራል?» አለ ሐጂ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። «እኛ ጋ ኒካሕ ሲታሰር መህሩ፣ ለሙሽራዋ የሚሰጠው ማለት ነው፣ ቃዲው ፊት ይጠራል። ይሄ የእሷ ነው ይባላል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ሩዝ ይበላል። ማንም ተኮራርፎ አያውቅም።»

የእነሱ ደንብ የኛን ሰዎች እንደማይመለከት ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። የኛ ሰዎች ስለ ንብረት በግልጽ መነጋገርን የሚጸየፉት ንብረት ስለማይወዱ አይደለም። ሲወስዱት ማፈር ስለማይፈልጉ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ በጨርቅ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። በሙሽራው በኩል የመጡት ምስክሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሸዋ መጥተው ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ግራዝማች ነበሩ፤ ተቀምጠው እንኳ ከዘራቸውን አይለቁም። ሁለተኛው ከሙሽራው ጋር ባቡር ላይ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ በስብሰባው ሁሉ «ልክ ነው» ከማለት በቀር የተናገረው ነገር ትዝ አይለኝም። ውሉን እንዲጽፍም ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሰው ተጠርቷል። ይህ ሰው ለጋብቻ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ከደጋ አገር ይዞት የመጣ። ስሙን ብቻ እየቀየረ ለሁሉም ይገለብጠዋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«...ሁለት የእርሻ በሬ ከነቀንበሩ፣ አንዲት በቅሎ ከነኮርቻዋ...»

«በሬው የታለ?» አለች ሙሽራዋ።

«በባቡር እየመጣ ነው» አለ ሐጂ። «ትኬቱን ሙሽራው ራሱ ይቆርጥለታል።»

«ይህ የቀልድ ቦታ አይደለም» አሉ ግራዝማች። «ደንብ ነው። አባቶቻችን የተጋቡበት ነው።»

«ደንብ ከሆነ በሬውን አምጣው፣ ግራዝማች። እኔ የለኝም። አንተም የለህም።»

ግራዝማችን ያስከፋቸው የበሬው ጉዳይ ሳይሆን «አንተ» መባላቸው ነበር። ስለ አክብሮት ረጅም ንግግር አደረጉ። ጓደኛው «ልክ ነው» አለ። በመጨረሻ በሬዎቹና በቅሎዋ ተሰረዙ። ከቅጂው ሳይነካ የቀረው ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚለው የቆየ ቃል ነው፤ «ሀብቴ በሀብትሽ፣ ሀብትሽ በሀብቴ» ይላል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። የአንዱ ንብረት ሁሉ የሌላውም ይሆናል ማለት ነው።

«እንግዲህ የቤቱ ነገር ይጻፋ» አለች እሷ።

ሙሽራው ቆቡን አወለቀ። ራሰ በራ መሆኑን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

«እኔ ቤቱን መች ፈለግሁት» አለ። «ይጻፍ፣ ግድ የለኝም። ግን ሰው ፊት ሲነበብ ምን ይሉኛል? ገና ሳይገባ ጠረጠረችው አይሉም? ነገ የት ባቡር ላይ ነው ቀና ብዬ የምሄደው?»

«ልክ ነው» አለ ጓደኛው።

ግራዝማች ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ ሁለት ጊዜ መቱ። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጭበት የኖርኩትን መፍትሔ አመጡ።

«ለእንግዳ የሚነበበው ይህ ይሁን። ሀብቴ በሀብትሽ ብሎ ያልተነበበ ሰማንያ፣ ጋብቻ ሳይሆን የቤት ኪራይ ነው። የቤቱ ነገር ደግሞ ከጫጉላ በኋላ ለብቻው በወረቀት ይሰፍራል፤ ልጃችን ይፈርማል። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጎዳም። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ ክፍል ውስጥ ኑሮውን በንባብ የሚያገኝ ሰው እኔ ነበርኩና መጠየቋ ትክክል ነው።

«ምን ትላለህ?»

«ከተፈረመ ያው ነው» አልኩ።

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ በውሉ ላይ አኖረች። እኛም አራታችን ፈረምን። በሠርጉ ቀን ማመልከቻ ጸሐፊው ዳሱ መሀል ቆሞ አነበበው። «ሀብቴ በሀብትሽ» ሲል እልል ተባለ። ሐጂ እልልታው ሲበርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አሁን ለቤቱ ነው እልል የሚሉት፣ ለእሷ?» አለኝ። እኔ ፊቴን ወደሚመጣው ምግብ አዞርኩ።

ከጫጉላው በኋላ ሁለተኛው ወረቀት ተጻፈ። የፈረምነው ባልየው፣ ሐጂና እኔ ነን። ግራዝማች ጉልበቴን አሞኛል ብለው ላኩ። ጓደኛው ጉዞ ላይ ነው ተባለ። ባልየው ሳያቅማማ ነው የፈረመው፤ ፈርሞም እንግዳ ተቀባይ መስሎ ሻይ አስቀዳልን። ሻዩም ቤቱም የእሷ ነበር።

ስለ ትዳራቸው የምለው ብዙ የለኝም። አራት ዓመት ኖሩ። እሷ መነገዷን ቀጠለች፤ እሱ ወጥቶ መግባቱን ቀጠለ። ድንጋይ አልጨመረም፣ ቆርቆሮ አልቀየረም። ቤቱን ለጓደኞቹ ሲያሳይ ግን «ቤቴ» ይል ጀመር። በአራተኛው ክረምት ደቻቱ ሞልቶ መጋላና ከዚራ ሲቆራረጡ፣ ከወዲያ ማዶ ከርሞ መጣና መልካ ጀብዱ ሰፈር ካለ አንድ ሸሪክ ጋር የጭነት መኪና ሊገዛ መሆኑን ነገራት። የቤቱ ግማሽ ይሸጥ አለ። ክፍሌ ከመጋዘኑ ጋር የሚጋራው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሁሉንም እሰማ ነበር።

«የቱ ግማሽ?» አለችው።

«የእኔው።»

«ያንተማ ቆብህ ነው። እሱን ሽጥ።»

በሳምንቱ ፍቺ ጠየቀ።

በዚያ ጊዜ ሕግ የባልና ሚስት ጠብ በቀጥታ ዳኛ ዘንድ አይሄድም። መጀመሪያ ለሽማግሌዎች ይቀርባል፤ ሽማግሌዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ጋብቻው ሲፈጸም የነበሩት ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ ውሉን ያበላሸነው አራት ሰዎች በውሉ ላይ እንድንፈርድ ተሰየምን። ይህን ያሰበ ሰው እኛን አላየም።

የተሰበሰብነው ከዚራ፣ የግራዝማች በረንዳ ላይ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ግራዝማች ሁለተኛውን በሁለት ጣታቸው ጫፍ አነሱት።

«ይህን እኔ አላውቀውም። አልፈረምኩበትም።»

«ያን ቀን ጉልበትህን አሞህ ነበር» አለ ሐጂ። «ቃልህን ግን ጉልበትህ ላይ አላኖርከውም፤ ሰጥቻለሁ ብለህ ነበር።»

«ሕዝብ ፊት የተነበበው የቱ ነው? እልል የተባለው ለየቱ ነው? እኔ የማውቀው እሱን ነው።»

«ልክ ነው» አለ ጓደኛው።

ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም። ባልየው ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል፤ የተበደለ ሰው ይመስል። ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋዜጠኛው ሕግ ያውቃል። እሱ ይንገረን። ከጋብቻ በኋላ ባልና ሚስት የተፈራረሙት ወረቀት ይጸናል ወይስ አይጸናም?»

ጥያቄው ደስ እንዳለኝ መካድ አልችልም። አዲሱ ሕግ ሲወጣ ስለሱ የተጻፈ ሐተታ አንብቤ ነበር። አንዱ ዓረፍተ ነገር በደንብ ትዝ አለኝ።

«ባልና ሚስት በጋብቻ ላይ እያሉ በመካከላቸው የሚያደርጉት ውል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም» አልኩ።

ሐጂ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የማን ምስክር ነህ?»

«የተጠየቅሁትን ነው የመለስኩት።»

«እሷስ አልጠየቀችህም ነበር?»

በእንዲህ ዓይነት ነገር ለማንም አላደላሁም ብዬ እኮራ ነበር። ወገን አልይዝም እል ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ወገን ያልያዝኩት ማጣራቱ ስለሚያደክመኝ ነው። ግራዝማች ቃሌን እንደ ድምፅ ቆጥረው ቤቱ ለሁለት እኩል እንዲከፈል ፈረዱ፤ ሦስት ለአንድ ብለው። እኔም ሦስት አይደለንም አላልኩም።

በማግስቱ ቤቱን ልንለካ ሄድን። ከሽማግሌዎቹ ሜትር የያዘ ስለሌለ የሐጂ የልብስ ሜትር ተወሰደ፤ ሌላ ሰው አያውቅበትም ተብሎም የሚለካው ራሱ ሆነ። እሷ በረንዳው ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ሐጂ፣ ለማን ነው የምትለካው?»

«ለግራዝማች።»

«ሰፋ አድርግላቸው። ሰውነታቸው ሞላ ያለ ነው።»

ግራዝማች አልሰማሁም አሉ። ግማሹ መጋዘኑ መሀል ላይ አረፈ። እሷ የምትኖርበት ክፍልና ግማሽ መጋዘን ለእሷ፤ የእኔ ክፍልና ሌላው ግማሽ ለእሱ ሆነ። በመካከሉ ግንብ ይቁም ተባለ። ባልየው የዚያኑ ቀን ወደ ክፍሌ መጥቶ፣ ከእንግዲህ ኪራይ ለእኔ ነው አለኝ። ቆቡን እንዳደረገ ነበር።

ግንበኛው ሳይመጣ አንድ ሥራ ደረሰኝ። የጋዜጣው አዘጋጅ አዲሱ ሕግ ስለ ጋብቻ ምን እንደሚል አጭር ጽሑፍ ላክ አለኝ። ከትውስታ ልጽፈው ጀምሬ ነበር። ለጋዜጣ ሲሆን ግን ቃሉን አረጋግጣለሁ፤ ልማዴ ነው። ለጋዜጣ ብቻ። ፍርድ ቤት ሄጄ ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መጽሐፉን ተዋስኩና እዚያው ቆሜ አነበብኩ።

ዓረፍተ ነገሩ እኔ ባልኩት አያበቃም። በጋብቻ ላይ የተደረገ ውል ዋጋ የለውም፤ ሽማግሌዎቹ ወይም ፍርድ ቤቱ ካላጸደቁት በቀር፤ ይላል። ሽማግሌዎቹ እኛ ነበርን። ወረቀቱን ከዚራ በረንዳ ላይ፣ ሻይ እየጠጣን፣ አጽድቀነዋል ብንል ይጸና ነበር።

ጥቂት ገጽ ሳልፍ ሌላ አገኘሁ። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ፣ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። ማለት ምንም ዓይነት ውል ባይጻፍ፣ ማመልከቻ ጸሐፊውም ሽማግሌዎቹም ባይጠሩ፣ ቤቱ የእሷ ብቻ ነበር። ግማሹን የሰጠባት ለእንግዶች ደስታ ሲባል የተነበበው ያ አንድ መስመር ነው።

«ምነው? ምን አገኘህ?» አለኝ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ።

«ገጹን» አልኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ግራዝማች ዘንድ ነው። እንደገና እንሰብሰብ አልኳቸው፤ የገለበጥኩትንም አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሽማግሌ የፈረደውን መልሶ አያነሳም» አሉ። «ደግሞስ ዋጋ የለውም ያልከው አንተ አይደለህም?»

በዚያ ጉዳይ ከመጀመሪያ ጀምሮ ከተናገሩት ሁሉ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ እሷ ሄድኩ። መጋዘን ውስጥ ሽርጥ ታጥፋለች። ግንቡ የሚቆምበት ቦታ በኖራ ተሰምሯል፤ መስመሩ በጥቅሎቹ መካከል ያልፋል። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ማጠፏን አላቆመችም።

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል?»

«አዎ።»

«የዚያን ዕለትም ተጽፎ ነበር?»

«ነበር።»

«አንተ ግማሹን ነዋ ያነበብከው።»

«አላነበብኩትም። ሰው ስለሱ የጻፈውን ነው ያነበብኩት።»

አንዱን ሽርጥ ጨርሳ ሌላ አነሳች።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። «ስለማልችል ነው አንተን ያመጣሁህ። ነገ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ዳኛው እስኪጠይቅህ ድረስ አፍህን እንዳትከፍት።»

አልከፈትኩም። ጉዳዩ ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ተሰማ። ዳኛው ሁለተኛውን ወረቀት ለባልየው አሳዩት።

«ይህ ፊርማ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ያለውን አንብበህ ነው የፈረምከው?»

«አንብቤዋለሁ። ግን ለይሉኝታ ነው የፈረምኩት።»

«አንተ ባቡር ላይ ስትሠራ፣ መንገደኛው ትኬት የገዛሁት ለይሉኝታ ነው ቢልህ ታወርደዋለህ?»

ባልየው ጥያቄው ምን እንደሆነ የገባው አይመስለኝም። አላወርደውም አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለሽማግሌዎቹ የሕጉን ቃል የነገርካቸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሙሉውን?»

«አይደለም።»

«ለምን?»

«አላነበብኩትም ነበር።»

የችሎቱ ጸሐፊ መልሴን ቃል በቃል ጻፈው። ሲጽፍ ብዕሩን እያየሁ ነበር። ስለ ሌሎች ሰዎች እንዲህ ያለ ስንት ነገር ጽፌያለሁ።

ዳኛው ወረቀቱን አጸደቁት። ቤቱ የእሷ ብቻ ሆነ፣ ፍቺውም ጸና። ግራዝማች ውሳኔውን ሲሰሙ ድሮም ያልኩት ይህንኑ ነበር እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ጓደኛውም ምን እንዳለ መገመት ይቻላል። ባልየው ልብሱን ይዞ ወጣ። የጭነት መኪናውን ሸሪኩ ብቻውን ገዛው።

በሳምንቱ ሴትየዋ ወደ ክፍሌ በር መጣች።

«ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ወሩ ሲያልቅ።»

አልተቆጣችም። ምስክር ትሆናለህ ስትለኝ በነበረው ድምፅ ነው የተናገረችው። ሰው ልኬ ማስለመን እችል ነበር፤ ሽማግሌ ግን ከእንግዲህ አይኔ እንዲያየው አልፈለግሁም። ወሩ ሲያልቅ አንድ ጋሪ ጠራሁና አልጋዬን፣ መጻሕፍቴንና የጽሕፈት መኪናዬን ጫንኩ። ቁልፉን ስሰጣት ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ ነካ አደረገች።

«ሐጂ» አለች ወደ በረንዳው፣ «ወጥቷል፣ ግባ።»

ጋሪው ገና ከበሩ ሳይንቀሳቀስ፣ ሐጂ የስፌት መኪናውን አንስቶ ወደ ክፍሌ አስገባው።